ከባርኔጣ የሰማሁት መርዶ

እናቴ መሞቷን የሰማሁት ከሰው አፍ አይደለም። ከአያ ጌትነት ባርኔጣ ነው።

አያ ጌትነት የትምህርት ቤታችን ጥበቃ ናቸው። እዚህ ባሕር ዳር በኖርኩባቸው ዘጠኝ ዓመታት ያቺ ባርኔጣ ከራሳቸው ስትወርድ አይቼ አላውቅም። የጣና ነፋስ ተነሥቶ የክበቡን ቆርቆሮ ሲገነጥል እንኳ እሷ ንቅንቅ አላለችም። ተማሪዎቹ “ሥር ሰዳለች” ይሏታል። ያን ቀን ጠዋት ግን እኔ ገና ከባጃጅ ስወርድ አያ ጌትነት አዩኝ፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ደረታቸው ላይ አደረጉና አንገታቸውን ደፉ።

ልብ በሉ፣ አሥር ደቂቃ አርፍጃለሁ። አያ ጌትነት ደግሞ ለአርፋጅ የሚራሩ ሰው አይደሉም፤ ርእሰ መምህሩን ሳይቀር “ሰዓት የለዎትም?” ብለው በር ላይ ያፋጠጡ ናቸው። ለእኔ ግን አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ፣ ለመኪና ብቻ የሚከፈተውን ትልቁን በር ወለል አድርገው ከፈቱልኝ። ትልቁን በር! ለአንዲት የባዮሎጂ መምህርት፣ ያውም በእግሯ!

በቃ፣ እማዬ ሞታለች አልኩ።

ልባችሁ ደካማ የሆነ አንባቢዎች እንዳትጎዱብኝ እዚሁ ላይ ልንገራችሁ፤ እማዬ አለች። ትናንት ደውላ “ሥራ ሥራ እያልሽ ኪዳን ታስታጉያለሽ አሉ” ብላ ተቆጥታኛለች። ማን እንዳላት አላውቅም፤ እሷ ጎባ፣ እኔ ባሕር ዳር። እኔ ግን ያን ጠዋት መኖሯን አላወቅኩም፤ እናንተም ለጊዜው አላወቃችሁም በሉ።

ከአንድ ባርኔጣ ተነሥቶ እንዴት እዚያ ይደረሳል የሚል ካለ፣ ያ ሰው ከእናቱ ጓሮ ርቆ ኖሮ አያውቅም ማለት ነው። እኔ የባሌ ልጅ ነኝ። ከዚህ እስከ ጎባ ያለውን አገር በአውቶቡስ አቋርጦ ለመጨረስ መዝሙረ ዳዊትን ደጋግሞ መድገም ያስፈልጋል። የሩቅ አገር ሰው ስልኩ ሲጮህ ይደነግጣል፤ ሳይጮህ ሲቀር ደግሞ የባሰ ይደነግጣል። መርዶ በእኛ አገር እንዴት እንደሚነገር ያውቃላ! መጀመሪያ ባልደረቦቹ ይሰማሉ፤ ቀጥሎ ጎረቤት፣ ቀጥሎ የነፍስ አባት። ባለቤቱ የመጨረሻው ነው። አገር አልቅሶ፣ እንባውን ጠርጎ፣ ፊቱን ታጥቦ ከጨረሰ በኋላ ነው “እስኪ ቁጭ በይ” የሚባለው። እስከዚያ ድረስ ሁሉም ሰው በድንገት ደግ ይሆናል። ስለዚህ እኛ የሩቅ ሰዎች ከክፉ ሰው ይልቅ በድንገት ደግ የሆነ ሰው ያስፈራናል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ጥፋቱ የሥልጠናው ነው። ከዚያ ጠዋት ጥቂት ሳምንታት በፊት ተማሪዎች ስሜታቸውን በቃልና ያለ ቃል እንዴት እንደሚገልጹ የሚያስተምር የሁለት ቀን ሥልጠና ወስጄ ነበር። ሁለት ቀን ሰልጥኜ የሁለት ዓመት ሊቅ ሆኜ ተመለስኩ። የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎቼን በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ይህንኑ እንዳስተምር ተመደብኩ። ደስታን፣ ሐዘንን፣ ቁጣን፣ ፍርሃትን የሚያሳዩ ፊቶች በካርቶን ላይ ሥዬ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። ቁጣውን ሲያዩ “ቲቸር፣ ይሄ ምክትል ርእሰ መምህራችን ናቸው?” አሉኝ። “አይደሉም” አልኩ። ናቸው። ንስሐ ገብቼበታለሁ።

ከዚያች ቀን አንድ ሳምንት በፊት ደግሞ የቤት ሥራ ሰጠሁ። “የአንድ ሰው ፊት አንብቡ” አልኳቸው። “አለባበሱን፣ አካሄዱን፣ ዝምታውን አይታችሁ ምን እንደተሰማው በቁራጭ ወረቀት ጻፉ። አፍ ይዋሻል፤ ፊት ግን አይዋሽም።” ይህችን የመጨረሻዋን አባባል ጣቴን ቀስሬ ነበር የተናገርኳት። እግዚአብሔር ትዕቢተኛን ሲያስተምር ከራሱ አባባል ይጀምራል።

ወደዚያች ጠዋት ልመለስ። የመንጋጋ ጥርሴ ከጀመረኝ ሁለት ቀኑ ነበር። ዕለቱ ወርኃዊው የማርያም ቀን ነው፤ ጥርስ ታመመ ተብሎ ቅዳሴ አይቀርም። ስነሣ መብራት የለም። ከሐይቁ የሚመጣው ብርድ መንጋጋዬን ሲነካው ነፍሴ ትወጣለችና፣ ጥቁር ሹራቤን ደርቤ ነጠላዬን በዳሰሳ አንሥቼ አገጬ ድረስ ተጠመጠምኩበት። ጉንጬ ውስጥ ቅርንፉድ ወሽቄ ሄድኩ። ቅዳሴው እስኪያልቅ እንባዬ ሲወርድ ነበር። አጠገቤ የቆሙት እናት ደጋግመው አይተውኝ ደረታቸውን መቱ። “ምን ያለች መንፈሳዊት ናት” ያሉ መስሎኝ በሕመሜ መካከል ትንሽ ደስ አለኝ። እሱንም ተናዝዤዋለሁ። ከቤተ ክርስቲያን እንደወጣሁ ቤት ሳልገባ፣ እህል ሳልቀምስ፣ በቀጥታ ወደ ትምህርት ቤት፤ ከዚያ ባርኔጣዋ።

መምህራን ክፍል ስገባ ጨዋታው በአንድ ጊዜ ቆመ። አራት እግሯ የተሟላው ብቸኛዋ ወንበራችን ተለቀቀችልኝ። ለዚያች ወንበር ሰው ተኮራርፏል፤ በጡረታ ካልሆነ በቀር ማንም አይለቃትም። ጓደኛዬ ስመኝ መጣች። ስመኝ የመሸንቲ ልጅ ናት፣ ጂኦግራፊ ታስተምራለች። ስመኝ ዝም ስትል የግድግዳ ሰዓት የቆመ ይመስለኛል፤ ያን ቀን ቆመ። አቀፈችኝ። አለቀቀችኝም።

“እህል ቀምሰሻል?” አለችኝ በመጨረሻ።

ቅርንፉዱ አፌ ውስጥ ስለነበር ራሴን ነቀነቅኩ፣ አልቀመስኩም ለማለት።

“እህ! ምኑ ይወርዳል ብለሽ!” ዓይኗ እንባ ሞላ። “ቢሆንም ቅመሽ። ለገላሽ እዘኝለት።”

ባዶ ሆድ መርዶ አይሸከምም፤ ሰው ሊረዳ ሲል መጀመሪያ እህል ቀምሶ እንደሆነ ይጠየቃል። ይህን የማያውቅ የአገሬ ሰው የለም። ወደ መጸዳጃው ሮጬ ገባሁና እማዬ ስልክ ላይ ደወልኩ። በስልኩ ውስጥ ያለችው ሴትዮ፣ ጥርሷን አሟት የማታውቀው፣ በዚያ በተረጋጋ ድምፅዋ ማግኘት እንደማልችል ነገረችኝ። ሰባት ጊዜ ደወልኩ። ሰባት ጊዜ በእኩል ጨዋነት ነገረችኝ።

ታዲያ ስመኝን ለምን አልጠየቅሽም ትሉኛላችሁ። “ምን ሆኗል?” ማለት ሁለት ቃል ነው። እውነቱን ልንገራችሁ? እስካልጠየቅኩ ድረስ እማዬ አለች። እነሱ እስካልነገሩኝ ድረስ ጎባ በረንዳዋ ላይ ቁጭ ብላ ጎመን ትቀነጥሳለች። በአፌ የጠየቅኩ ዕለት በእጄ የቀበርኳት መሰለኝ። አንድ ክፍለ ጊዜ ልጨምርላት ብዬ ወሰንኩ፤ የአሥረኛ ክፍልን ትምህርት አስተምሬ እስክወጣ ድረስ እናቴን ላኑራት። እመቤቴንም ተሳልኩ፤ “ይህን ነገር ሐሰት አድርጊልኝና ለቤተ ክርስቲያንሽ ትልቅ የድባብ ጥላ አገባለሁ” አልኩ። ትንሽ አሰብኩና “ዘርፍ ያለው” ብዬ ጨመርኩ።

በመስኮት ወደ ክበቡ ባላይ ጥሩ ነበር። አየሁ። የክበቡ ሴትዮ ትልቁን ድስት ጥደው ስንዴና ሽምብራ ይጨምሩበታል፤ ስመኝ አጠገባቸው ቆማ በእጇ ልኩን ታሳያለች። ንፍሮ! ንፍሮ ለሠርግ አይቀቀልም። ለቅሶዬ ተጥዷል ማለት ነው፤ የቀረሁት እኔ ነኝ።

ክፍል ስገባ አርባው ተማሪ ብድግ አለ። ሌላ ቀን “እንደምን አደሩ” ሲሉ ጣሪያው ይነሣል፤ ያን ቀን ትንፍሽ አላሉም። ወንበሮቹ እንደ ለቅሶ ቤት ግድግዳውን ይዘው ተደርድረዋል። ወንዶቹ አቀርቅረዋል። ሴቶቹ ደግሞ፣ ከቤተ ክርስቲያን የመጡት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ጥለቱን ወደ አንገታቸው አውጥተውታል፤ ነጠላ ያልያዙት ሻርፓቸውን ገልብጠዋል። ነጠላ ተዘቅዝቆ ሲለበስ የሐዘን ነው፤ ጥለት ወደ ላይ ወጥቶ የሚያስደስት ዜና ተሰምቶ አያውቅም። የክፍሉ አለቃ ይበልጣል ወንበር ስቦ፣ በሁለት እጁ፣ እንደ ሽማግሌ ጎንበስ ብሎ አስቀመጠኝ።

ለማስተማር አፌን ከፈትኩ። “ዛሬ የምንማረው...” አልኩ። ከዚያ በላይ አልሄደም። የምንማረው ስሜትን ያለ ቃል ስለመግለጽ ነበር፤ እነሆ ገለጽኩት። ነጠላዬን በፊቴ ላይ አድርጌ ተንሰቀሰቅኩ። ሴቶቹ ተከተሉኝ። ወንዶቹ ለጥቂት ጊዜ ታገሡና እነሱም ለቀቁት። የጎረቤት ክፍል የሒሳብ መምህር በሩን ከፍቶ አየን፣ ምንም ሳይጠይቅ በሩን ዘጋ፤ ጥቂት ቆይቶ በግድግዳው በኩል የእነሱም ለቅሶ ተሰማ።

በዚህ መካከል ከኋላ፣ ከመስኮቱ ሥር፣ አንድ እጅ ወጣ።

የሉባባ እጅ ነበር። ሉባባ የጎርጎራ ልጅ ናት፤ እዚህ ከተማ ሱቅ ያላት አክስቷ ጋ ሆና ትማራለች። ዓመቱን ሙሉ ከአፏ የሰማሁት ስም ሲጠራ “አቤት” የምትለውን ብቻ ነው። ከሥልጠናው ባመጣሁት ቅጽ ላይ፣ “ስሜትን የመግለጽ ችሎታ” በሚለው ትይዩ “ዝቅተኛ” ብዬ በእስክሪብቶ ጽፌባታለሁ።

“ቲቸር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?” አለች።

“ሽሽሽ!” አላት ይበልጣል። “አሁን ይጠየቃል? ነውር አታውቂም?”

“መጠየቅስ አሁን ነው” አለችው፤ ወደ እኔ ዞረች። “ቲቸር፣ ማን ነው የሞተብዎት?”

ለቅሶዬን አቋርጬ ቀና አልኩ።

“እኔ ምን አውቄ!” አልኩ። “እናንተ አይደላችሁም የምታውቁት? ንገሩኝ በቃ! እናቴ ናት አይደል? መቼ ነው? ማን ነው የደወለው?”

አርባ ፊት ተለዋወጠ። ካርቶኔ ላይ ያልሣልኩት ፊት ነበር።

“ኧረ እኛ ምንም አልሰማን!” አለ ይበልጣል። “ማንም አልደወለ።”

“ታዲያ ወንበሩስ? ሻርፑስ? ንፍሮውስ?”

“እርስዎን አይተን ነዋ!”

“እኔን ምን ሆኜ አየኸኝ?”

ይበልጣል በእጁ መጠቆም ስላፈረ በአገጩ ወደ አንገቴ አሳየኝ። “ነጠላዎን ቲቸር። ጠዋት ግቢውን ሲያቋርጡ አየንዎ። ነጠላ አዘቅዝቀው፣ ጥቁር ለብሰው፣ ዓይንዎ አብጦ። ሰላም ስንልዎም አይመልሱ። ፊት አይዋሽም ያሉን ደግሞ እርስዎ ነዎት።”

ቁልቁል አየሁ። አረንጓዴና ወርቃማው ጥለት አገጬ ሥር ተዘርግቶ ያብረቀርቃል። እኔ! ነጠላዬን ሦስት ጊዜ ሳላይ ከደጄ የማልወጣው! የአርባ ተማሪ ጥለት ከበር ላይ ሆኜ አንብቤ፣ አፍንጫዬ ሥር ያለውን ሳላይ! አያ ጌትነት ባርኔጣ ያወለቁት፣ ስመኝ ንፍሮ ያስጣደችው፣ ቅዳሴ ላይ ያሉት እናት ደረታቸውን የመቱት፣ ሁሉም ከእኔ አንብበው ነው። እኔ ደግሞ ከእነሱ አነበብኩ። አንዳችን ለአንዳችን ስናረዳ የዋልነው፣ ማንም ያልሞተበትን ለቅሶ ነው።

“ጥርሴ ነው” አልኩ። “ጥርሴን አሞኝ ነው።”

መጀመሪያ አንዲት ልጅ ስቅ ያላት መስሎ ሳቀች። ከዚያ ክፍሉ ተናደ። እኔም ጉንጬን በእጄ ደግፌ፣ እያመመኝ፣ እያለቀስኩ ሳቅኩ። ከግድግዳው ማዶ ያሉት ግን ገና አልሰሙምና ለቅሷቸውን ቀጠሉ።

ሉባባ አልሳቀችም።

“አንቺስ ልጄ፣ ለመጠየቅ እንዴት አሰብሽ?” አልኳት።

የሻርፗን ጫፍ በጣቷ ጠቀለለች። “እኔንም ደብቀውኝ ነበር። ዓምና አያቴ ሲሞቱ። ጎርጎራ ታንኳ ይሠሩ ነበር፤ አላህ ይዘንላቸው። ፈተና አለባት ብለው ዝም አሉኝ። አክስቴ ከወጡ ሥጋውን ሁሉ ለኔ ታወጣልኝ ነበር። ሳሕን ስሰብርም አትቆጣኝ። እኔ ደግ ሆነች ብዬ ስስቅ፣ ስዘፍን ሰነበትሁ። ነገሩኝ ፈተናው ሲያልቅ።” ትንፋሿን ሰበሰበች። “የሚያቃጥለኝ መሞታቸው ብቻ አይደለም ቲቸር። ያን ሰሞን መሳቄ ነው። ስለዚህ ከእንግዲህ በአፌ እጠይቃለሁ ብዬ ነበር። ዛሬ ቻልሁ።”

ካርቶኑን ማየት አላስፈለገኝም። ይበልጣል ነው መጀመሪያ የተነሣው፤ ሄዶ አጠገቧ ተቀመጠ። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላዋ። ወንበሮቹ እንደሆነ ቀድመው ተደርድረዋል። በከንቱ የተዘረጋው ለቅሶ ባለቤቱን አገኘ፤ ዓመት ዘግይተን የሉባባን አያት ለቅሶ ደረስን። የታንኳውን ደንገል ሲያስሩ በጥርሳቸው እየያዙ እንደሚስቡ፣ ጥርሳቸው እስከ እርጅና አንድም እንዳልወለቀ ነገረችን። በጥርሳቸው ቀናሁ። “ሲከፋኝ ሐይቁ ዳር ሄጄ በዚያ በኩል አያለሁ፤ ጎርጎራ በዚያ ነው” አለች በመስኮቱ እያሳየችን። ሁላችንም አየን። እኔም ጎባ በየት በኩል እንደሆነ ስለማላውቅ በዚያው በኩል አየሁ።

ንፍሮው ደረሰ። ስመኝ እውነቱን ስትሰማ በሁለት እጇ ጭንቅላቷን ይዛ፣ “አንች ሴት! እኔ አፌን ይዤ ልሞት ነበር እኮ! ነጠላ ለጥርስ ይዘቀዘቃል?” አለችኝ። ሰዓቱም መቁጠር ጀመረ። የተቀቀለ አይጣልም፤ ለሉባባ አያት ነፍስ ይሁን ተብሎ ለክፍሉ ታደለ። ከግድግዳው ማዶ ያሉትም ወሬው ደርሷቸው፣ ዓይናቸውን እየጠረጉ እጃቸውን ዘረጉ። እኔ ብቻ ሽምብራውን በዓይኔ በላሁ።

ግን እኮ የእማዬ ስልክ አሁንም ዝግ ነው። ጥለቱ ተፈታ እንጂ ስልኩ አልተፈታም። “ሰው ሁሉ አላወቀም ማለት እሷ ደህና ናት ማለት ነው?” የምትል አንዲት መርፌ ሆዴ ውስጥ ቀርታለች። እንዲህ እያልኩ ስልኩ እጄ ላይ ጮኸ።

“አንቺ ልጅ! ማን ሞተ?”

እማዬ ናት! እማዬ ራሷ!

“እማዬ! ማንም አልሞተም! አንቺ የት ነበርሽ?”

“የት እሆናለሁ? የማርያም ቀን አይደለም እንዴ? ቤተ ክርስቲያን ስልክ ከፍቼ ልግባ? ስወጣ የጎረቤት ልጅ ሰባት ጊዜ ተደውሏል ብላ አነበበችልኝ። ሰባት ጊዜ ለደህና ነገር ይደወላል? ድምፅሽስ ምን ሆነ? አልቅሰሻል!”

“ጥርሴን አሞኝ ነው።”

“እንዲህ እያሉ ነው የሚደብቁት! ቁርጡን ንገሪኝ፤ ቁጭ ብያለሁ። ጎረቤቶቼም መጥተዋል!” ከኋላዋ አንዲት ሴት ድምፅዋን ለለቅሶ ስታሟሽ ተሰማኝ።

ብምል አታምነኝም። ስልኩን ለሉባባ ሰጠኋት።

“እማማ፣ ማንም አልሞተም። ልጅዎ ጥርሳቸውን አሟቸው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጥተው ነው። ሁላችንንም አስለቀሱን። አሁን ደህና ናቸው፣ ንፍሮ እያዩ ነው።”

ከኋላ ድምፅዋን ስታሟሽ የነበረችው ሴት አቋረጠች። የእማዬ ድምፅ ተሰማ። “ነጠላ... አዘቅዝቃ? የእኔ ልጅ? ሰው ፊት?” ከመርዶ የባሰ ነው የሆነባት።

በማግስቱ ጥርሱ ተነቀለ። አያ ጌትነት በር ላይ ሲያገኙኝ ባርኔጣቸው ወደ ሥሯ ተመልሳለች። “እኔስ ለጥርስ ኖሯል ያወለቅኋት!” አሉ። “ነግረሽኝ ቢሆን ቀብሩ ላይ እገኝ ነበር።” ትልቁንም በር ዳግመኛ አልከፈቱልኝም። የነፍስ አባቴን “መጀመሪያም ላልሞተች እናት የተሳልኩት ስለት ይጸናል?” ብዬ ጠየቅኳቸው። “ሐሰት አድርጊልኝ አላልሽም? አደረገችልሽ” አሉኝ። ጥላው ገብቷል። ዘርፍ አለው።

የቤት ሥራውን ወረቀት ቤቴ ወስጄ አነበብኩ፤ አብዛኞቹ ያንኑ ጠዋት እኔ ክፍል ሳልገባ የጻፉት ነው። ሠላሳ ምናምኑ ስለ እኔ ነው፤ “ከባድ ሐዘን” ይላል። አንዱ ስለ አያ ጌትነት “ባርኔጣ ያወለቁት ራሳቸውን ቢያሳክካቸው ነው” ብሎ ጽፏል። የሉባባ ወረቀት እንዲህ ይላል፤ “የቲቸርን ፊት አየሁት። ያዘኑ ይመስላሉ። ግን አላውቅም። እጠይቃቸዋለሁ።” ቅጹ ላይ “ዝቅተኛ” ያልኩትን ሰርዤ ምን ብዬ እንደምተካው ሳስብ ቆየሁ። የሚሆን ቃል ቅጹ ላይ አልነበረም፤ ባዶውን ተውኩት።

አሁን ያን ቀን እዚያ ለነበራችሁ ሁሉ፣ ለአያ ጌትነትም፣ ለአንቺም ስመኝ፣ ለዚያ ክፍል ልጆችም በየሄዳችሁበት፣ አንድ ልመና አለኝ። እማዬ አርጅታለች፤ እመቤቴ ዕድሜዋን ታርዝምልኝ እንጂ እውነተኛው ወሬ አንድ ቀን መምጣቱ አይቀርም። ያን ቀን ባርኔጣ አታውልቁልኝ። ወንበር አትልቀቁልኝ። እህል ቀምሰሻል ወይ ብላችሁ አትጠይቁኝ።

ሉባባን ፈልጋችሁ ላኩልኝ።